ስለ ሕፃናት አፍ መፍታትና ስለ ፊደል አጀማመር



በመስከረም ወር የትምህርት ቤት በር ሲከፈት የ7 ዓመት ሕፃን የእናቱን የነጠላ ጫፍ ይዞ ይገባል። መምህሩም ስሙን በመዝገብ ጽፎ፣ የሚቀመጥበትን አሳይቶ፣ «ከዛሬ ጀምሮ ትማራለህ» ይለዋል። አነጋገሩ የተለመደ ነው፤ እውነት ግን አይደለም። ልጁ ከትምህርት ሁሉ የሚከብደውን ትምህርት፣ ይኸውም ቋንቋን፣ ያለ መምህርና ያለ ሰሌዳ በቤቱ ተምሮ የመጣ ነው። ትምህርት ቤት የሚጨምርለት ይህንኑ በጆሮውና በአንደበቱ የያዘውን ነገር በዓይኑ እንዲያየው ማድረግን ነው። ልጁ ይዞት የመጣውን ሳይመረምር ፊደል ማስቆጠር የሚጀምር መምህር፣ መሠረቱን ሳያይ ግድግዳ እንደሚያቆም ግንበኛ ነው።

ይህ የቤት ትምህርት የሚጀመረው ከልደት አስቀድሞ ነው። ፅንስ በማኅፀን ሳለ ከ6ኛው ወር በኋላ ድምፅ ይሰማል። አንቶኒ ዲካስፐርና ዊልያም ፋይፈር የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በ1980 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ከተወለዱ 3 ቀን ያልሞላቸው ሕፃናት የእናታቸውን ድምፅ ከሌላ ሴት ድምፅ ለይተው እንደሚመርጡ አሳይተዋል። ከአራት ዓመት በኋላም ጃኔት ወርከርና ሪቻርድ ቲስ በካናዳ አገር ሌላ የሚያስደንቅ ነገር ገለጡ። እንግሊዝኛ ብቻ የሚሰሙ ሕፃናት በ6 ወርና በ8 ወር መካከል ሳሉ የሌሎችን ቋንቋዎች ረቂቅ ድምፆች ይለያሉ፤ አንድ ዓመት ሊሞላቸው ሲቃረብ ግን አብዛኞቹ ይህን ችሎታ ያጣሉ። ከተፈተኑባቸው ድምፆች መካከል እንደ «ቀ» በጉሮሮ ታፍነው የሚፈነዱ ድምፆች ነበሩ። የጎንደር ወይም የመንዝ ሕፃን «ከ»ን ከ«ቀ»፣ «ተ»ን ከ«ጠ» የመለየት ችሎታውን ጠብቆ የሚያሳድገው፣ ጎልማሳው የውጭ አገር ሰው ግን ብዙ ደክሞ እንኳ የሚሳሳተው ከዚህ የተነሣ ነው። እንግዲህ ገና ምንም ያልተናገረ የ10 ወር ልጅ ሥራ ፈትቶ የተኛ አይምሰል።

የሚሰማው የንግግር እርምጃ በአብዛኞቹ ሕፃናት ዘንድ የታወቀ መንገድ አለው። በ2ኛውና በ3ኛው ወር ልጁ ለሚያነጋግረው ሰው ለስላሳ ድምፅ እያወጣ ይመልሳል። ከ6ኛው ወር ወዲህ «ባባባ»፣ «ዳዳዳ»፣ «ማማማ» እያለ ይደጋግማል፤ ወላጆችም ስማቸው የተጠራ መስሏቸው ደስ ይላቸዋል፤ ደስታቸውም ልጁን መልሶ ያናግረዋልና ስሕተቱ ጠቃሚ ነው። በ9 ወርና በ12 ወር መካከል ጣቱን ወደ መብራቱ ወይም ወደ በጉ ዘርግቶ ወዲያው የእናቱን ፊት ያያል። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ «እኔ የማየውን አንቺም እዪልኝ» ማለት ስለሆነ የንግግር ሁሉ ሥር ነው። የመጀመሪያው ቃል በ1 ዓመት ገደማ ይመጣል፤ ነገር ግን «ጫማህን አምጣ» ሲባል የሚያመጣ ልጅ «ጫማ» ማለት ከመቻሉ በፊት ብዙ ቃላትን በጆሮው አከማችቶአል። በ2 ዓመቱ ቃላትን ያገናኛል፤ በ3 ዓመቱ እንግዳ ሰው ከሚናገረው የሚበዛውን ይረዳለታል፤ በ4 ዓመቱ የዋለበትን ያወራል።

እዚህ ላይ ለመምህራን አንድ ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል። በውጭ አገር የተዘጋጁት ሰንጠረዦች የልጅን ንግግር የሚለኩት በቃላት ቁጥር ነው። ለእንግሊዝኛ መለኪያው መልካም ነው፤ ለአማርኛ ግን እንዳለ ሊወሰድ አይገባም። አንዲት ሕፃን «አልሰጠችኝም» ብላ ብታለቅስ በቁጥር የተናገረችው አንድ ቃል ብቻ ነው። በዚያ በአንዱ ቃል ውስጥ ግን የመስጠት ሥራ አለ፤ ሰጪዋ ሴት መሆኗ አለ፤ ተቀባይዋ ራሷ ተናጋሪዋ መሆኗ አለ፤ ነገሩም አለመፈጸሙ አለ። እንግሊዛዊው ልጅ ይህንኑ ለመናገር ከአራት የማያንሱ ቃላት ያስፈልጉታል። ስለዚህ በአማርኛ አፉን የፈታ ልጅ ሲመዘን ቃሉን ከመቁጠር ይልቅ ቃሉን ከፍቶ መመልከት ይሻላል። ወንድሙን «ና»፣ እኅቱን «ነይ» ብሎ ለይቶ ይጠራልን? «በላሁ» እና «በላ» ማለትን አያምታታምን? ለአንድ ሰውና ለብዙ ሰዎች የሚነገረውን ይለያልን? «እርስዎ» ማለቱ ቢዘገይ አያስደንቅም፤ የአክብሮት አነጋገር ከሰዋስው ሌላ የሰውን ማዕረግ ማወቅን ይጠይቃልና።

ስሕተቱም ቢሆን በጥንቃቄ መታየት አለበት። ከ«ወጣ» «ውጣ»፣ ከ«ገባ» «ግባ» የሚለውን ሥርዓት ያገኘ ሕፃን፣ ከ«መጣ» ተነሥቶ «ምጣ» ቢል፣ ይህ የድንቁርና ሳይሆን የብልኅነት ምልክት ነው፤ ማንም ያልነገረውን ሕግ ራሱ አውጥቶአል። አንደበቱ ኮልታፋ ሆኖ «ር»ን «ል» የሚያደርግ የ3 ዓመት ልጅም እንዲሁ ሊሳቅበት አይገባም። ትልቁ ሰው ቃሉን ራሱ አስተካክሎ መልሶ ቢናገርለት ይበቃል።

ሊዘነጋ የማይገባው መዘግየት ሌላ ነው። በ12 ወሩ ድምፅ የማይደጋግም ወይም በጣቱ የማያመለክት፣ በ16 ወሩ አንድ ቃል እንኳ ያልተናገረ፣ በ2 ዓመቱ ሁለት ነገር አገናኝቶ መናገር ያልጀመረ፣ በማናቸውም ዕድሜ ቢሆን የነበረውን ንግግር ያጣ ልጅ ወደ ሐኪም ሊቀርብ ይገባዋል፤ ከሁሉ አስቀድሞ የሚመረመረውም ጆሮው ነው። «ወንድ ልጅ ስለሆነ ነው፤ ይደርሳል» የሚለው የጎረቤት ማጽናኛ ውድ ጊዜ ያሳልፋል። በርግጥ ወንዶች በአማካይ ከሴቶች ጥቂት ይዘገያሉ፤ ልዩነቱ ግን የዓመት አይደለም። በክፍል ውስጥም ሰነፍ ወይም እልከኛ ተብሎ በኋላ ወንበር ከተቀመጡት መካከል ጆሮው የሚያመው ልጅ እንዳለ ብዙ መምህር የሚገነዘበው ዓመቱ ካለፈ በኋላ ነው።

የልጅ ንግግር የሚፋፋው በሚሰማው ብቻ ሳይሆን በሚመለስለት መልስ ነው። የኢትዮጵያ ቤተሰብ ለዚህ የተሟላ መሣሪያ አለው። ተረት በምድጃ ዳር ይነገራል፤ እንቆቅልሽ ይጠየቃል፤ መልሱን ያጣው ልጅ «አገር ስጠኝ» ተብሎ አገር ሲሰጥ ይሣቃል። እንቆቅልሽ ቃልን ከነገሩ ለይቶ ማየትን ያስተምራል፤ ይህም በኋላ ለንባብ የሚያስፈልግ ችሎታ ነው። በአንጻሩ ልጅ በታላላቆች ፊት ዝም እንዲል የሚያስገድደው ልማድ አለ። ትሕትና መልካም ነው። ነገር ግን ቀኑን ሙሉ «ዝም በል» እንጂ «እስቲ ንገረኝ» ያልተባለ ልጅ በክፍል ውስጥ ጥያቄ ሲቀርብለት አንገቱን ቢደፋ፣ ጥፋቱ የልጁ አይደለም።

ወደ ፊደሉ እንመለስ ቢባል፣ 33ቱ ፊደሎች በ7 ሲባዙ 231 ቅርጾች ይሆናሉ። ቁጥሩ ያስፈራል፤ ሥርዓቱ ግን ልጅን ይረዳል። ካዕቡ በቀኝ ወገቡ፣ ሣልሱ በቀኝ እግሩ መስመር ይጨምራል፤ ኃምሱ እግሩ ላይ ቀለበት ያስራል፤ «ሩ»ንና «ሪ»ን የመሰሉት ግን ከሥርዓቱ ይወጣሉ። «ሸ» ከ«ሰ»፣ «ጀ» ከ«ደ»፣ «ጨ» ከ«ጠ» መወለዱም በዓይን ይታያል። ሳድስና ሳብዕ መልካቸው ስለሚለዋወጥ ከሌሎቹ ሁሉ የሚበልጥ ጊዜ ሊሰጣቸው ይገባል።

ፊደል የሚያሳየውን ያህል የሚሰውረውም አለ። የመጀመሪያው ስውር ነገር የሳድስ ድምፅ ነው። «ምድር» በሚለው ቃል ሦስቱም ፊደላት ሳድስ ናቸው፤ አናባቢ የሚሰማው ግን በሁሉም ላይ አይደለም። ልጁ ሦስቱን እንደ ገበታው እየነጠለ «ም፣ ድ፣ ር» ቢል የሚሰማው ነገር ምድርን አይመስልም። ሁለተኛው መጥበቅና መላላት ነው። «ዋና» ላልቶ ሲነበብ በውኃ ላይ መንሳፈፍ፣ ጠብቆ ሲነበብ ከሁሉ የበለጠ ማለት ነው። «ገና»ም ላልቶ የጊዜ ነገር፣ ጠብቆ የልደት በዓል ነው፤ «ይመታል» ላልቶ መቺውን፣ ጠብቆ ተመቺውን ይናገራል። በአንዳንድ መዝገበ ቃላት ካልሆነ በቀር ይህን የሚያመለክት ነጥብ በገጹ ላይ አይገኝም። የቅኔ ሊቃውንት በዚህ ስውርነት ኅብር እየፈጠሩ ይደሰቱበታል፤ የ1ኛ ክፍል ልጅ ግን ይሰናከልበታል። ታዲያ ትክክለኛውን ንባብ የሚነግረው ምንድን ነው? ቃሉን በቤቱ ሰምቶት እንደ ሆነ ጆሮው ይነግረዋል፤ ሰምቶት ካላወቀ ግን ማንም አይነግረውም። የንባብ መሠረት ንግግር ነው መባሉ ለአማርኛ በተለይ የሚጸናው ስለዚህ ነው።

የጥንት የፊደል ቤት መምህራን አንዱን አደጋ አስቀድመው አይተውታል። ልጅ «ሀ ሁ ሂ» እያለ በዜማ የሚወርደው ዓይኑን ጨፍኖ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከሀሁ ቀጥሎ አቡጊዳን አስጠኑት፤ በዚያ «አ ቡ ጊ ዳ» እየተባለ ፊደሉም ድምፁም በየእርምጃው ስለሚለወጥ ዜማው ዓይንን ሊተካ አይችልም። ይህ ብልሃት በዛሬው ክፍል ውስጥ ቢታደስ ምንኛ በጠቀመ! ሁለተኛውን አደጋ ግን የፊደል ቤት አልፈታውም። ልጁ ከፊደል ወደ መልእክተ ዮሐንስ፣ ከዚያም ወደ ዳዊት የሚሸጋገረው በግዕዝ ስለነበረ፣ አጥርቶ እያነበበ የሚለውን ሳያውቅ ብዙ ዓመት ይኖር ነበር። በቁርኣን ቤት ዐረብኛን በእንጨት ሰሌዳ የሚማረው ልጅም ዕጣው ይኸው ነበር። የዚያ ትምህርት ዓላማ ጸሎት ስለሆነ በራሱ ሚዛን ሊነቀፍ አይገባውም፤ ልማዱ ወደ ዘመናዊው ክፍል ሲሻገር ግን ጉዳት አመጣ።

ጉዳቱም በቁጥር ታይቶአል። በ2002 ዓ.ም. በስድስት የኢትዮጵያ ቋንቋዎች የ2ኛና የ3ኛ ክፍል ተማሪዎች የንባብ ችሎታ ተመዝኖ ነበር። ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች ውስጥ ከመቶ 34ቱ ከቀረበላቸው አጭር ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም፤ ከመቶ 48ቱም ስለ ታሪኩ ከተጠየቁት አንዱን እንኳ አልመለሱም። በ3ኛ ክፍልም አንድ ቃል ያላነበቡት ከመቶ 20 ያህል ነበሩ። እነዚህ ልጆች መጽሐፍ ገልጠው፣ ከጓደኞቻቸው ጋር ድምፃቸውን አስተባብረው ሲያነበንቡ ቢሰሙ፣ አያነቡም ብሎ የሚጠረጥር ማን ነበር? ከዚያ ወዲህ አማርኛን ጨምሮ በሰባት ቋንቋዎች አዲስ የንባብ መጻሕፍት ተዘጋጅተዋል፤ ነገር ግን መጽሐፉ ቢለወጥም በኅብረት መጮኹ ከቀጠለ ፍሬው ያው ነው።

ሌላው ብርቱ ጉዳይ የቋንቋው ምርጫ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ልጁ አፉን በፈታበት ቋንቋ እንዲሰጥ ፈቅዶአል። ስለ መጥበቅና ስለ መላላት ከላይ የተባለውን ያስተዋለ ሰው ምክንያቱን ለመረዳት አይቸገርም። ይሁን እንጂ በየከተማው ቤቱ ኦሮምኛ ወይም ወላይትኛ ተናግሮ በአማርኛ ክፍል የሚቀመጥ ልጅ አለ። ይህ ልጅ አእምሮው አልዘገየም፤ ሁለት ቋንቋ መስማትም ልጅን አያዘገይም። የሚያስፈልገው ፊደሉን ከመቁጠሩ ጋር ቃሉን በአፉ የሚለማመድበት ጊዜ ነው። የቤቱን ቋንቋ ተዉ ብሎ ወላጆቹን መምከር ግን ያለውን አንዱን መሠረት ማፍረስ ነው። በአንዳንድ መዋዕለ ሕፃናትም የ4 ዓመት ልጆች በእንግሊዝኛ ፊደል ደብተር ሲሞሉ፣ በአማርኛ ተረት የሚነግራቸው ግን ሲታጣ ይታያል። ወላጅ ለከፈለው ገንዘብ የተሞላ ደብተር ማየት ይወዳል፤ ዳይሬክተሩም ይህን ያውቃል። እርሳስ በወጉ ለመጨበጥ ያልደረሰውን ጣት ከማድከም፣ «ላም፣ ላባ፣ ላጲስ» በምን ድምፅ እንደሚጀምሩ አፍ ለአፍ ማጫወት ለንባብ የበለጠ ያዘጋጀዋል።

60 ተማሪ ያለበት መምህር ይህን ሁሉ እንዴት አድርጎ ይከታተል የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። አምስት ወይም ስድስት አረፍተ ነገር ያላት፣ ልጆቹ ከዚህ በፊት ያላዩአት፣ ቃላቷ ግን በቤት የሚሰሙ አጭር ታሪክ በአንድ ወረቀት ላይ ትጻፍ። ሌሎቹ ሲጽፉ ልጁ ብቻውን ወደ መምህሩ ጠረጴዛ ቀርቦ ያንብባት፤ ከዚያም ወረቀቱ ተሸፍኖ «ምን ሆነ?» ተብሎ ይጠየቅ፤ በራሱ አፍ ያውራው። መምህሩ በስሙ አንጻር ሦስት ነገር ብቻ ይጽፋል፤ ፊደሉን ለይቶ እንደ ሆነ፣ ቃሉን ጠብቆና ላልቶ በሚገባው ቦታ አንብቦ እንደ ሆነ፣ የሆነውንም ተናግሮ እንደ ሆነ። በቀን 3 ልጅ ቢሰማ 60ው በ20 የትምህርት ቀን ያልቃሉ፤ በጥቅምት መጀመሪያ የጀመረ መምህርም የገና በዓል ከመድረሱ በፊት ሁለተኛውን ዙር ሰምቶ ለመጨረስ ጊዜ ይበቃዋል።