ሰንጢና ማኅደሩ

በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር




አሮጌ ሰንጢዎችን መሰብሰብ በብዙ ሰዎች ዘንድ እንደ ትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ ብቻ ይቈጠራል። ነገር ግን ሰብሳቢው በአንድ ቀን የተሳሳተ እንክብካቤ መቶ ዓመት የኖረውን ማስረጃ ሊያጠፋ ስለሚችል፣ ሥራው ከጊዜ ማሳለፊያነት ይልቅ ወደ አደራ ጠባቂነት ይጠጋል። አደራውም የአንድ ዕቃ ብቻ አይደለም። ሰንጢውና ይያዝበት የነበረው የቆዳ ማኅደር የሁለት ሙያዎች፣ የብረት ሠሪውና የቆዳ ሠሪው፣ የጋራ ሥራ ናቸው። የዚህ ንግግር ፍሬ ነገርም ይኸው ነው፤ ሰንጢና ማኅደር በመዝገብ አንድ፣ በማስቀመጫ ግን ሁለት ሊሆኑ ይገባል።

ታጣፊ ሰንጢ በጥቂት ክፍሎች የቆመ መሣሪያ ነው። ስለቱ በአንድ ችንካር ላይ ይዞራል፤ በጀርባው ያለው ሞላ ስለቱን ሲከፈትም ሲዘጋም ይዞ ያቆመዋል፤ በሁለቱ የናስ ወይም የብረት ገጾች ላይ ቀንድ፣ አጥንት፣ እንጨት ወይም ዛጎል ተለብጦ እጀታ ይሆናል። ትንሹ ሰንጢ በእንግሊዝኛ እስከ ዛሬ የሚጠራበት ስም «የብርዕ ቢላዋ» ማለት ሲሆን፣ ስሙ የተሰጠው የላባ ብርዕ ይቀረጽበት ስለ ነበር ነው። ስለዚህ የሰንጢ ታሪክ ከወታደሩና ከገበሬው ኪስ ጋር ብቻ ሳይሆን ከጸሐፊው ጠረጴዛም ጋር የተያያዘ ነው።

በዚህ ሙያ ስማቸው የገነነ ከተሞች የእንግሊዝ ሼፊልድ፣ የጀርመን ዞሊንገንና የፈረንሳይ ትዬር ናቸው። በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ሲሆኑ፣ በሼፊልድ አካባቢ የቢላዋ ሠሪዎች ማኅበር በ1624 በፓርላማ ሕግ ተቋቋመ። ከሥራዎቹም አንዱ የባለሙያዎችን ምልክት መዝግቦ ማስከበር ነበር። ዛሬ ሰብሳቢው ከሁሉ አስቀድሞ የሚያነበው በስለቱ ሥር የተመታውን ይህን ምልክት ነው። ንባቡ ግን ጥንቃቄ ይጠይቃል። በ1890 የወጣው የአሜሪካ የቀረጥ ሕግ ወደዚያ አገር የሚገባ ዕቃ የተሠራበት አገር ስም እንዲጻፍበት ስላዘዘ፣ «ኢንግላንድ» የሚል ቃል የተመታበት ሰንጢ አብዛኛውን ጊዜ ከ1891 ወዲህ የተሠራ ነው። ቃሉ የሌለበት ሁሉ ግን ከዚያ በፊት የተሠራ ነው ማለት አይደለም፤ ለአገር ውስጥ ገበያ የወጣው ይህ ግዴታ አልነበረበትምና። እንዲሁም ሃሪ ብሬርሊ በሼፊልድ የማይዝገውን ብረት ያወጣው በ1913 ስለሆነ፣ አልዝግም የሚል ጽሑፍ ያለበት የሼፊልድ ስለት ከዚያ በፊት የተሠራ ሊሆን አይችልም። በፈረንሳይ ሳቮይ በሚሠራው የኦፒኔል ሰንጢ ላይም ስለቱን የሚቈልፈው ቀለበት የተጨመረው በ1955 ነው።

ምልክቱ የድርጅቱን ስም ይናገራል፤ የሠራተኛውን ስም ግን አይናገርም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በሼፊልድ ስለትን በድንጋይ መንኰራኵር ላይ የሚስሉ ሠራተኞች የድንጋዩንና የብረቱን ብናኝ ሲስቡ ውለው በሳንባ ሕመም ያልቁ ነበር። ፍሬድሪክ ኤንግልስ በ1845 ስለ እንግሊዝ ሠራተኛ መደብ ሁኔታ ባሳተመው መጽሐፍ፣ የሼፊልዱን ሐኪም የዶክተር ናይትን ምስክርነት ጠቅሶ፣ በደረቅ ድንጋይ የሚስሉት ከ35 ዓመት፣ በእርጥብ ድንጋይ የሚስሉትም ከ45 ዓመት እምብዛም እንደማያልፉ ገልጿል። ስለቱ ወደ ብርሃን ዘንበል ሲል አንዳንድ ጊዜ የሚታየው ቀጭን የመስመር ፈለግ የእነዚህ ስም የለሽ ሰዎች ፊርማ ነው። እንደ አዲስ እንዲያበራ ተብሎ በአሸዋ ወረቀት የተፈተገ ሰንጢ ይህን ፊርማ ያጣል፤ አብሮም የምልክቱ ፊደል ይደበዝዛል።

በዚህ ረገድ ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። በአገልግሎት ብዛት ስለቱን የሚያለብሰው ግራጫ ቀለም የዕድሜው ልብስ ስለሆነ አይነካም። ቀይ ሆኖ የሚረግፈው ዝገት ግን ብረቱን እየበላ የሚሄድ በመሆኑ፣ በጥቂት ዘይትና በለስላሳ ጨርቅ በትዕግሥት ሊገታ ይገባዋል።

ማኅደሩ ሁለተኛው ምስክር ነው። ቆዳው በዓመታት ብዛት የሰንጢውን ቅርጽ ይይዛል፤ በውስጡም የእጀታው ጫፍ ያሳረፈው ጕድጓድና የዝገቱ እድፍ ይገኛል። ሻጭ ሰንጢንና ማኅደርን አጣምሮ ሲያቀርብ፣ ሁለቱ በእርግጥ አብረው የኖሩ መሆናቸው የሚመረመረው በዚህ የውስጥ ቅርጽ ነው። ስለዚህ ስፌቱ የተተረተረ፣ ክዳኑ የተቀደደ ማኅደር እንኳ ሊጣል አይገባውም። የብራና መጽሐፍ በትከሻ የሚንጠለጠልበትን የቆዳ ማኅደር የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ ማኅደሩ መጽሐፉ በሰው እጅ እንዴት እንደ ኖረ ይመሰክራልና።

ይሁን እንጂ በቀበቶ ላይ ሰንጢውን ሲጠብቅ የኖረው ማኅደር በመሳቢያ ውስጥ ጠላቱ ይሆናል። ቆዳ የአየሩን እርጥበት ይስባል፤ ቆዳው ሲለፋ የገባበት አሲድና ጨውም በውስጡ ሊቀር ይችላል። በዚያ ውስጥ ለዓመታት የተዘጋ ስለት ይዝጋል። ናሱም ከቆዳው ቅባት ጋር ተዋሕዶ አረንጓዴ፣ ሰም መሳይ እድፍ ያወጣል። ከዚህም ሌላ ሁለቱ የሚስማማቸው አየር የተለያየ ነው፤ ብረት ደረቅ ሥፍራ ሲሻ፣ ቆዳ ከልክ በላይ ከደረቀ ይሰነጠቃል። የሴሉሎይድ እጀታ ያለው ሰንጢ ደግሞ ከሌሎቹም ተለይቶ አየር በሚያገኝበት ሥፍራ መቀመጥ አለበት፤ ሴሉሎይድ ሲያረጅ የሚያወጣው የአሲድ ትነት የራሱንም የጎረቤቶቹንም ስለት ይበላልና።

መፍትሔው ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። ሰንጢውና ማኅደሩ ከመለያየታቸው በፊት አብረው እንዳሉ ፎቶግራፍ ይነሣሉ። ከዚያም ለሁለቱ አንድ ቍጥር ይሰጣል፤ በመዝገቡም ከማን፣ መቼና በምን ሁኔታ እንደ ተገኙ፣ ምልክቱ፣ የስለቱ ርዝመትና የማኅደሩ ውስጣዊ እድፍ ሳይቀር ይጻፋል። ቍጥሩም በዕቃው ላይ ሳይቀረጽ በክር በታሰረ ወረቀት ይያያዛል። ይህ ሲደረግ ብረቱና ቆዳው በተለያየ ሣጥን ቢያድሩም ዝምድናቸው አይጠፋም።

ሰብሳቢው ከሰበሰባቸው ሰንጢዎች ብዙዎቹን ቀድሞ ያልፋል። ለተረካቢው የሚያስተላልፈው ያልተፈተገ ስለት፣ ያልተጣለ ማኅደርና ሁለቱን የሚያገናኝ አንድ የመዝገብ ገጽ ከሆነ፣ የሳዩም የሰፊውም አደራ ተጠብቋል።