ልጆቻችንና ትንሿ ሰሌዳ
(ለወላጆች ስብሰባ የተደረገ ንግግር)



ልጃችሁ አርዱዊኖ ኡኖ የምትባል የኤሌክትሮኒክ ሰሌዳ ይዞ ቢመጣ ግራ አይግባችሁ። አርዱዊኖ እ.ኤ.አ. በ2005 በጣሊያን አገር ለተማሪዎች ተብሎ የተጀመረ ነው። ትእዛዝ የሚጻፍበት ፕሮግራም፣ አርዱዊኖ አይዲኢ፣ በነጻ ይገኛል፤ ለእሱ ገንዘብ አትክፈሉ።

ፕሮግራሙ ኮምፒውተር ላይ ከተጫነ በኋላ ሰሌዳዋ በዩኤስቢ ገመድ ትያያዛለች። ቀጥሎ የሰሌዳዋ ዓይነትና የተሰካችበት ፖርት ይመረጣል። «ብሊንክ» የተባለው ምሳሌ ሲላክላት ትንሿ መብራት አንድ ሴኮንድ በርታ አንድ ሴኮንድ ትጠፋለች።

እምቢ ካለች ሌላ ሰሌዳ ለመግዛት አትቸኩሉ፤ ልጁንም አትቆጡ። ባትሪ ከመሙላት በቀር መረጃ የማያስተላልፍ ገመድ አለና መጀመሪያ ገመዱን ለውጡ።

እኛ ፕሮግራሙን ባናውቀውም አጠገባቸው እንቀመጥ። «አይዞህ፣ አይዞሽ» ለማለት ዕብራይስጥ አያስፈልግም።