መቀነትና ኮርሴት፦ የወገብ ልክና የቁመና አሠራር



ዛሬ የምናገረው ስለ ወገብ ነው። ርእሱን ሲሰሙ አንዳንድ ባልደረቦቼ ፈገግ ብለዋል። ተወልጄ ባደግሁባት በመካነ ኢየሱስ ግን ጉዳዩ በሠርግ ወራት የልብስ ሰፊዎች ጭንቀት ነው። ሙሽራዋ በስልኳ ፎቶግራፍ ይዛ ትመጣለች፤ ጀርባው በክር የሚጠብቅ፣ ወገብን ጨምድዶ የሚይዝ የሐበሻ ቀሚስ። ሰፊው ልኳን ወስዶ፣ እናቷ የፈተለችውንና ሸማኔ ብዙ ቀን የደከመበትን ሸማ ይቆርጣል። ክሩ ሲሳብ ቀዳዳው ይተረተራል፤ ስፌቱ ይሸሻል፤ ሙሽራዋም ቁጭ ማለት ያቅታታል። በእኔ አመለካከት ጥፋቱ ከሰፊው እጅ የመጣ አይደለም። ሁለት የተለያዩ የወገብ አሠራሮች በአንድ ጨርቅ ላይ ስለ ተጋጩ ነው።

የእኛ አሠራር ቀሚሱን ሰፊ አድርጎ ይተወዋል። ወገቡን የሚሠራው መቀነቱ ነው። የእስቴ፣ የስማዳ ወይም የጋይንት ሴት መቀነቷን ደጋግማ ስትጠመጥም ልኳን በየማለዳው እንደ ገና ትወስዳለች ማለት ነው፤ ሸክም ሲኖርባት ታጠብቃለች፣ ስታረግዝ ታላላለች። በጫፉም ገንዘብ ትቋጥርበታለች። «ታጠቀ» የሚለው ግሳችን ለመቀነትም ለጦር መሣሪያም ማገልገሉን ልብ በሉ፤ መታጠቅ ለሥራ መዘጋጀት ነው እንጂ መቅጠን ብቻ አይደለም።

ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነን ልብስ ያለው ለንደን ነው። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ስትወድቅ፣ የዐፄ ቴዎድሮስ ባለቤት የእቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ ልብስ በእንግሊዞች እጅ ገባ። እቴጌይቱ ከጦሩ ጋር ሲጓዙ በግንቦት ዐረፉ። በሐር የተጠለፈው የጥጥ ቀሚሳቸው ዛሬ በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ይገኛል። ቀሚሱን ለብቻው ያየ ተመልካች የወገባቸውን ልክ ሊያውቅ አይችልም፤ ልኩ በስፌቱ ውስጥ አልተቀመጠምና።

በዚያው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1868፣ ኤድዊን አይዞድ የተባለ እንግሊዛዊ አምራች ኮርሴትን በእንፋሎት ቅርጽ የማስያዝ ዘዴ አወጣ፤ በስታርች የራሰው ኮርሴት በሚሞቅ የመዳብ ገላ ላይ ተወጥሮ ይደርቃል። እዚህ ጨርቁ ገላን አይከተልም፤ ገላው ጨርቁን ይከተላል።

ይሁን እንጂ የቪክቶሪያ ዘመን ኮርሴት በማጥበቅ ብቻ የሚሠራ ይመስለን ዘንድ አይገባም። ብዙዎች የሚስቱት እዚህ ላይ ነው። ኮርሴት ጥቅጥቅ ብሎ ከተሸመነ ጠንካራ ጥጥ፣ ጠመዝማዛ ሆነው ከተቆረጡ ብዙ ቁራጮች ይሰፋል፤ በዓሣ ነባሪ አፍ ውስጥ ከሚገኘው ተጣጣፊ ዘንግ ወይም ከብረት አጥንት ይበጅለታል። ማጥበቅ የሚገባው ወገብን ብቻ ነው። ለጎድን አጥንትና ለዳሌ ሙሉ ስፋታቸው ሊተውላቸው ይገባል፤ ካልሆነ ወገብ አይቀጥንም፣ ሥጋ ወደ ላይና ወደ ታች ይገፋል እንጂ። ልኩን የሚናገረው ጀርባ ነው። ክሩ ሲታሰር ሁለቱ ጠርዞች ጥቂት ጣት ያህል ተራርቀው ትይዩ መውረድ አለባቸው። ክፍተቱ ከላይ ከሰፋ ኮርሴቱ ለደረት ጠቧል፤ ከታች ከሰፋ ለዳሌ፤ መካከሉ ብቻ ከተከፈተ ወገቡ ከመጠን በላይ ተቀንሷል። ፈተናውም ቆሞ ብቻ ሳይሆን ተቀምጦም ይሁን፤ የታችኛው ጠርዝ ጭንን ከወጋ ረዝሟል።

በዚህ ክፍተት ምክንያት ደግሞ በየሙዚየሙ ያለው የኮርሴት ልክ የለባሿ የወገብ ልክ አይደለም። ኮርሴቱን ገጥሞ የለካ ሰው ሴቶቹን ከነበሩት በላይ ያቀጥናቸዋል። የዘመኑ ሴቶች ወገብ ለማቅጠን የጎድን አጥንት ያስወጡ ነበር የሚባለውም ተረት ነው። ቀጭን ያስመሰላቸው በአብዛኛው ንጽጽር ነበር፦ ከታች የተነፋ ቀሚስ፣ ከላይ ሰፋ ያለ ትከሻና እጅጌ። ይህን የእኛ እናቶች ያለ አጥንት ያውቁታል፤ ከመቀነቱ በታች የሚዘረጋው ሰፊ ቀሚስ ያንኑ ሥራ ይሠራል።

ወደ ሙሽራችን ልመለስ። ሸማ ለስላሳና ሳሳ ያለ ሽመና ነው፤ በሰያፍ ሲሳብ ይለጠጣል፣ ቀለበት ሲመታበት ክሩ ይሸሻል። ስለዚህ ጫናውን ሸማው እንዲሸከም ማድረግ የለብንም። ከውስጥ ራሱን የቻለ ጠንካራ ገበር ይሰፋ፤ በወገቡ ዙሪያ የማይለጠጥ ጥብጣብ ይግባበት፤ አጥንቱም ቀዳዳውም በዚያ ላይ ይሁን። ከሸማው በፊት ገበሩን ብቻ በርካሽ አቡጀዲ ሰፍቶ ሙሽራዋን ማስለካት ይገባል። ወጪው ጥቂት ነው፤ የተቆረጠ ጥበብ ግን አይመለስም። ሸማው ከላይ በነጻነት ይውረድ፤ መቀነቱም ስፌቱን ሸፍኖ በቦታው ይታሰር።

ሰፊዎቻችን ይህን ለመማር ብዙ ጊዜ አይፈጅባቸውም። የሚያስፈልጋቸው ፎቶግራፉ የማያሳየውን የውስጥ ገበር አንድ ጊዜ ገልብጦ የሚያሳያቸው ሰው ነው። ለዚህም ናሙና ይዤ መጥቻለሁ፤ ከፊት ጠረጴዛ ላይ አለ፤ መንካትም ይቻላል።