የማይተካ ዕቃ አያያዝ
(በኢዮቤልዩ በዓሉ ለወላጆችና ለተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



ገዳሪፍ ለኖረ ሰው ስለ መሬት ድካም አይነገረውም። ጥቁሩ አፈር በየዓመቱ ማሽላ ብቻ ሲዘራበት ምርቱ ይቀንሳል፣ አቀንጭራም ይወርሰዋል። ገበሬው ወይ ሰሊጥ ያፈራርቅበታል፣ ወይ ወደ አዲስ መሬት ያልፋል። ዛሬ የማወጋችሁ ከእኛ በላይ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ስለሚገኝ ሌላ ማሳ ነው።

የናሳው ሃብል ቴሌስኮፕ ወደ ሕዋ የተላከው እ.ኤ.አ. በ1990 ነው። በ2009 ጠፈርተኞች ለመጨረሻ ጊዜ ሄደው ኮስ የተባለ መሣሪያ ገጠሙበት። ኮስ ከከዋክብት የሚመጣውን አልትራቫዮሌት ብርሃን ይመረምራል። ይህን ብርሃን የምድር አየር ውጦ ያስቀረዋል። እንጦጦ ላይ ሁለት ቴሌስኮፖች አሉን፤ ነገር ግን ከ3000 ሜትር በላይ ከሆነው ከዚያ ተራራ እንኳ አይታይም።

የኮስ ብርሃን መቀበያ ሚሊዮኖች ደቃቅ ቀዳዳዎች ያሉት የመስታወት ሰሌዳ ነው። አንዲት የብርሃን ቅንጣት ስታርፍበት ኤሌክትሮን ታስነሳለች። ያም በከፍተኛ ቮልቴጅ ተገፍቶ የቀዳዳውን ግድግዳ እየመታ ሌሎችን ያስነሳል፤ በመጨረሻም ሚሊዮኖች ይሆናሉ። ግድግዳው ግን በሰጠ ቁጥር የመስጠት አቅሙ ይደክማል። በተለይ በምድር ዙሪያ ያለው ሃይድሮጅን የሚፈነጥቀው ብርሃን ዘወትር በአንድ ቦታ ስለሚያርፍ፣ ያ ቦታ ቀድሞ ያረጃል።

ባለሙያዎቹ ምን አደረጉ? አንደኛ፣ ድካሙን በየጊዜው እየለኩ ቮልቴጁን ቀስ በቀስ ጨመሩ። ይህ ግን ወሰን አለው፤ ድካሙንም ያፋጥናል። ሁለተኛ፣ ብርሃኑ የሚያርፍበትን መሥመር በ2012፣ በ2015፣ በ2017፣ በ2021 እና በ2022 ወዳልደከመ ቦታ አዛወሩ። ከመጀመሪያው ቦታ መራቁ የምስሉን ጥራት በጥቂቱ ቢቀንሰውም ተቀበሉት። ሦስተኛ፣ ከ2017 ጀምሮ ሰሌዳውን ክፉኛ የሚያደክሙ አንዳንድ አጠቃቀሞችን ገደቡ። ቀጥሎም ሥራዎቹን በተለያዩ መሥመሮች ላይ አከፋፈሉ።

ልጆች፣ ልዩነቱን አስተውሉ። የደከመ መሬት ጦም ካደረ ያገግማል፤ የደከመው መስታወት ግን አያገግምም። ጠፈርተኞችን ወደ ሃብል የሚያደርሰው መንኮራኩር በ2011 ሥራውን ስላቆመ፣ ወጥቶ የሚጠግነውም የለም። ስለዚህ አንዱ ተመራማሪ ዛሬ የፈለገው የተከለከለው፣ ገና ትምህርት ቤት ያለ ሌላ ልጅ ነገ እንዲመለከትበት ነው።

ወላጆችም አንድ ነገር እንያዝ። የጋራ ንብረት የሚሰነብተው ስለማይሰበር አይደለም፤ መድከሙን አስቀድሞ የሚለካ፣ ሸክሙን የሚያከፋፍልና ለሚመጣው ትውልድ ሲል እምቢ ማለት የሚችል ሰው ሲኖረው ነው። ማኅበራችንም ከዚህ የተለየ አይደለም። ሁልጊዜ በዚያው ትከሻ ላይ አንጫን።