ግሱ የት ይቀመጥ?



እኛ የመንዝ ልጆች እንግሊዝኛ ስንጽፍ የምንሳሳተው ቃል አጥተን ሳይሆን ቦታውን ስተን ነው። በአማርኛ «እረኛው በጉን አገኘ» ብንልም፣ «በጉን እረኛው አገኘ» ብንልም፣ «ን» የምትባለው ፊደል ተሳቢውን ስለምታመለክት ነገሩ አይለወጥም። እንግሊዝኛ ግን ይህች ምልክት የለችውም፤ ባለቤቱን በፊት፣ ግሱን በመካከል፣ ተሳቢውን በኋላ አድርጎ በተራ ይለያል። ተራው ከተገለበጠ በጉ እረኛውን አገኘው ማለት ነው! ይህንኑ ጽፈን ክፍሉ በሙሉ ስቆብናል።

«መጣ» ብሎ መጨረስም የለም፤ «ሂ ኬም» ማለት ግድ ነው።

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በእንግሊዝኛ ስለሆነ፣ የታሪኩን መልስ እያወቅን በዚህ ነጥብ አጥተናል። ባለቤትንና ተሳቢን አስቀድመን በአማርኛ ብንለይ ኖሮ ይቀለን ነበር። የብላታ መርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስ «የአማርኛ ሰዋስው» በ1948 ዓ.ም. ታትሟል፤ እኛ የገለጥነው ግን ዘንድሮ ነው።