ለሰው የሰጠነውን ሥራ ስለ ማወቅ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በተማሪዎች የተነበበ ንግግር)



 ልንናገርበት የመረጥነው ጉዳይ በኢንተርኔት ስለሚካሄድ ንግድ ነው። ይኸውም ነጋዴው ራሱ የማይሠራውን ሥራ ለሌላ ሰው በክፍያ ሲሰጥ፣ የዚያን ሥራ መሠረት ማወቅ ይገባዋል ወይስ አይገባውም? የሚለው ጥያቄ ነው። እኛ ይገባዋል እንላለን፤ ምክንያታችንንም እንደሚከተለው እናስረዳለን።

ነገሩ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። መንዝ ደጋ ነው፤ ብርዱም የታወቀ ነው። አባቶቻችንና እናቶቻችን ይህን ብርድ የተቋቋሙት ከመንዝ በግ ጠጉር በተሠራ ባና፣ ዝተትና በርኖስ ነው። ጠጉሩ ይሸለታል፣ ይታጠባል፣ ይነደፋል፣ በእንዝርት ይፈተላል፤ ከዚያም ለሸማኔ ይሰጣል። ፈታይዋ ሸማኔ አይደለችም፤ መወርወሪያም ይዛ አታውቅም ይሆናል። ነገር ግን ለድርና ለማግ ምን ያህል ፈትል እንደሚበቃ ታውቃለች። ልብሱ ተሠርቶ ሲመጣላት በእጇ ትመዝነዋለች፤ ወደ ብርሃን አንሥታ ታየዋለች፤ ጠርዙንም ትስበዋለች። ማጉ ሳስቶ ካገኘችው ትጠይቃለች፤ የተረፈው ልቃቂት የት እንደ ደረሰም ትጠይቃለች። ሸማኔው ጠያቂ እንዳለበት ስለሚያውቅ ይጠነቀቃል፤ እርሷም የሥራውን ድካም ስለምታውቅ ዋጋውን አታጎድልበትም። እንግዲህ የሥራውን መሠረት ማወቅ ለሁለቱም ወገን ይጠቅማል ማለት ነው።

ዛሬ ያው ባና በስልክ ለገበያ ሊቀርብ ይችላል። በመሐል ሜዳ፣ በሞላሌ፣ በራቤል ወይም በዓለም ከተማ የሚኖር ሰው ዕቃውን አዲስ አበባ ላለ ገዥ፣ ከዚያም አልፎ ባሕር ማዶ ላለ ወገኑ በቴሌግራም ወይም በፌስቡክ ሊያሳይ ይችላል። ቴሌብር ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ ስለ ዋለ በአገር ውስጥ ክፍያውም በስልክ ይፈጸማል። በኤሌክትሮኒክ መንገድ የሚደረግ ግብይትም በአዋጅ ቁጥር 1205/2012 ሕጋዊ መሠረት አግኝቷል። ሆኖም ባና አሳምሮ የሚሠራ ሰው ሁሉ ፎቶግራፍ ማንሣት፣ ገጽ መክፈት፣ ማስታወቂያ ማሰራጨትና ሒሳብ መያዝ ይችላል ማለት አይደለም። ስለዚህ ይህን ሥራ ለሚችል ሰው ይሰጣል። መስጠቱ ነውር የለበትም፤ ሁሉን እኔው ልሥራ ያለ ሰው አንዱንም ሳይጨርስ ይቀራል። ጉዳቱ የሚመጣው ሥራውን አሳልፎ ሲሰጥ ማወቁንም አብሮ የተወ እንደ ሆነ ነው። ይህንንም በጥቂት ምሳሌዎች እንግለጸው።

አንደኛው የገጹ ባለቤትነት ነው። እንበል አንድ ሸማኔ ለአንድ ወጣት ገንዘብ ከፍሎ የቴሌግራም ቻናል አስከፈተ። ወጣቱ በራሱ ስልክ ቁጥር ከፈተው። ሁለት ዓመት ሙሉ ገዥዎች ተሰበሰቡ፤ የሸማኔውም ስም ታወቀ። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ባይስማሙና ቢለያዩ፣ ቻናሉ በከፈተው ሰው እጅ ይቀራል። ባለቤትነቱ ወደ ሌላ የሚተላለፈው እርሱ ሲፈቅድ ነውና፣ ሸማኔው ባናውን ይዞ ገዥዎቹን አጣ ማለት ነው። መድኃኒቱ ግን ቀላል ነበር። ቻናሉን ባለቤቱ በራሱ ቁጥር ከፍቶ፣ ሠራተኛውን አስተዳዳሪ አድርጎ መሾም ይችላል፤ ምን ማድረግ እንደሚፈቀድለትም ወስኖ ይሰጠዋል። የድረ ገጽ ስምም እንዲሁ ነው። ዶሜን የሚባለው ይህ ስም በየጊዜው ክፍያ የሚታደስ ስለ ሆነ፣ በማን ስም እንደ ተመዘገበና መቼ እንደሚታደስ ባለቤቱ ማወቅ አለበት።

ሁለተኛው ስለ ዕቃው የሚጻፈው ቃል ነው። የመንዝ በግ ጠጉር ሻካራ ነው፤ ጥቅሙም ብርድን መከላከሉ ነው። ባና ነክቶ የማያውቅ የከተማ ጸሓፊ «እንደ ሐር የለሰለሰ» ብሎ ቢጽፍ፣ ገዥው ዕቃው ሲደርሰው ተታለልሁ ይላል፤ የሚወቀሰውም ጸሓፊው ሳይሆን የባናው ባለቤት ነው። ስለዚህ በስማችን የሚወጣውን ቃል ሁሉ አስቀድመን ማንበብ፣ የማናነብም እንደ ሆነ አስነብበን መስማት ይገባናል።

ሦስተኛው ማስታወቂያ ነው። ማስታወቂያ የሚያሰራጨው ሰው «አሥር ሺህ ሰው አይቶታል» ብሎ ሊያስደስተን ይችላል። የእኛ ጥያቄ ግን «ስንቱ ገዛ?» የሚል መሆን አለበት። እንበል ለማስታወቂያ 2,000 ብር ተከፍሎ 4 ባና ተሸጠ። ለአንዱ ባና የወጣው የማስታወቂያ ዋጋ 500 ብር ነው። ከማስታወቂያው በፊት ከአንዱ ባና የሚተርፈው 400 ብር ከሆነ፣ ነጋዴው በየባናው 100 ብር እየከሰረ «ገበያው ደራ» ይላል። ይህን ለማወቅ የአራተኛ ክፍል ማካፈል ይበቃል።

አራተኛው ገንዘቡና ሒሳቡ ነው። ገንዘብ ተልኳል የሚል የደረሰኝ ምስል በሐሰት ሊሠራ ይችላል። ስለዚህ ዕቃው ከመላኩ በፊት ገንዘቡ በእርግጥ መግባቱን በራስ ሒሳብ ላይ ማየት ያስፈልጋል። የምሥጢር ቁጥርም ለሠራተኛ ቀርቶ ለወዳጅ አይነገርም። ሒሳብ የሚይዝ ሰው ብንቀጥርም የጠጉሩን ዋጋ፣ የፈታይዋንና የሸማኔውን ድካም፣ የማስታወቂያውንና የማጓጓዣውን ወጪ ለይተን በአንድ ደብተር መጻፍ ይገባናል። የተሸጠበት ገንዘብ ሁሉ ትርፍ አይደለምና።

ደብተር ስንል በእርግጥ የወረቀት ደብተር ማለታችን ነው። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት መቆየቱን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። በዚያ ጊዜ የደንበኞቹን ስምና ስልክ በደብተር የጻፈ ሰው፣ ስልክ በሚሠራበት ሰዓት ደውሎ ሊያገኛቸው ይችል ነበር። ሁሉን ለሌላ ሰው ስልክ የተወው ግን ማን እንደሚገዛው እንኳ ሊያውቅ አይችልም።

ከንግዳችን ከፍ ያለ ምሳሌ እንድንጨምር ይፈቀድልን። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ሲቋቋም አውሮፕላን የሚያበሩና የሚጠግኑ ኢትዮጵያውያን አልነበሩትም። ስለዚህ ሥራውን ቲ.ደብልዩ.ኤ. ለተባለ የአሜሪካ አየር መንገድ በውል ሰጠ። ነገር ግን ሰጥቶ አልተኛም፤ የአገሩን ልጆች ከባለሙያዎቹ ሥር እያስቀመጠ አስተማረ። እ.ኤ.አ. በ1957 ዓ.ም. ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ካፒቴን ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ1971 ዓ.ም. ደግሞ ኮሎኔል ስምረት መድኃኔ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆነው ተሾሙ። ሥራን ለሌላ መስጠት ከዕውቀት ጋር ሲሆን ፍሬው እንዲህ ያለ ነው።

ምናልባት ከመካከላችሁ «ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው» የሚለውን ተረት የሚያነሣ ይኖራል። በዚህ ጉዳይ ላይ ግን ተረቱን አንቀበለውም። የቀጠርነው ባለሙያ ከእኛ አብልጦ ማወቁ ተገቢ ነው፤ ገንዘብ የምንከፍለውም ለዚሁ ነው። እኛ የምንለው ባለቤቱ ለመጠየቅ፣ መልሱን ለመመዘን፣ ሥራውንም ከአንዱ አንሥቶ ለሌላ ለመስጠት የሚበቃውን ያህል ይወቅ ነው። ይህን ያህል የማያውቅ ባለቤት ታማኙን ሠራተኛ በከንቱ ይጠረጥራል፤ አታላዩን ደግሞ ያምናል።

ስለዚህ ሦስት ነገር እናሳስባለን። ማንኛውንም ሥራ ለሌላ ከመስጠታችን በፊት፣ ቢያንስ አንድ ጊዜ በእጃችን እንሞክረው ወይም አጠገቡ ተቀምጠን ሲሠራ እንየው። ምን እንደሚሠራ፣ መቼ እንደሚያልቅና ስንት እንደሚከፈል በጽሑፍ እናድርገው። በየወሩም ተገናኝተን ሒሳቡን እንተሳሰብ።

ወላጆቻችን ሆይ፣ በስልኩ የተነሣ በልጆቻችሁ ፊት አላዋቂ ነን ብላችሁ አትፈሩ። ድርና ማጉን የመዘናችሁበት ልቡና ይህንንም ይመዝነዋል፤ ስለዚህ ጠይቁን። መምህራኖቻችን ሆይ፣ የሒሳቡንና የኮምፒዩተሩን ትምህርት ከገበያው ምሳሌ ጋር እንድታስተምሩን እንለምናለን። ጓደኞቻችን ሆይ፣ ነገ የአባታችንን ወይም የጎረቤታችንን ገጽ የምንከፍተው እኛው ነን። በባለቤቱ ስም እንክፈተው፤ የሠራነውንም አንድ በአንድ እናሳየው። ያን ጊዜ ባለቤቱ በኛ ላይ የሚጥለው እምነት በዕውቀት የተመሠረተ ይሆናል።