ፍርሃት ከፍቅር ሲቀድም
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን የተደረገ ንግግር)



ልጅን በሃይማኖት ኰትኵቶ ማሳደግ ታላቅ ነገር መሆኑን አልክድም። ዛሬ የምናገረው ግን፥ ከፍቅር በፊት ፍርሃት በልጅ ልብ የገባ እንደ ሆነ ስለሚያደርሰው ጉዳት ነው።

በሰባት ዓመቴ፥ መጾም በጀመርሁበት ጊዜ፥ ከጓዳ ገብቼ ወተት ጠጣሁ። አባቴ ሲጠይቀኝ አለንጋውን ፈርቼ ካድሁ፤ በእኔ ፈንታም ታላቅ ወንድሜ ተገረፈ። ከዚያ ወዲያ ብዙ ሌሊት ሲኦልን እያሰብሁ እንቅልፍ አጣሁ፤ ለመጸለይም አፈርሁ። አለንጋው ያስተማረኝ ጾምን ሳይሆን ውሸትን ነው።

ሐዋርያው ጳውሎስ ወደ ቈላስይስ ሰዎች በጻፈው መልእክት፥ በምዕራፍ 3 ቍጥር 21፥ አባቶች ልጆቻቸውን አስመርረው ልባቸውን እንዳይሰብሩ ይመክራል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥታችንም በአንቀጽ 36 ልጆች በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነጻ እንዲሆኑ ደንግጓል።

ወላጆቻችን ሆይ፥ ልጅ ጥፋቱን ለእናንተ ሳይፈራ መንገር ከቻለ ለእግዚአብሔርም መናገር አያቅተውም።

አባባ፥ ዛሬ በመካከላችን ተቀምጠዋል። ወተቱን የጠጣሁት እኔ ነኝ። እርስዎም ወንድሜም ይቅር በሉኝ።